የፍሬን ዘይትህን ለውጠሃል ወይ?

ባለፈው ወር ከማኅበራችን ስብሰባ በኋላ ሻይ ስንጠጣ፥ አንድ የማከብረው ወዳጄ በሰው ሁሉ ፊት እንዲህ ሲል ጠየቀኝ። «አንተ የድኻ አገር ልጅ አይደለህም ወይ? ቅዳሜ ቤንዚን እያቃጠልህ በአንድ ሜዳ ዙሪያ ስትሽከረከር የምትውለው ለየትኛው ሕዝብ ጥቅም ነው?» ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ለጊዜው መልስ አልነበረኝምና። ደረጃውን ስወርድ ደግሞ ሌላው፥ ሰው ሲስቅ ዝም ብሎ የነበረው፥ ከኋላዬ ደርሶ በለሆሳስ «ለማንም አትንገር፤ እኔም ለሚመጣው ወር ተመዝግቤአለሁ። ለመኪናዬ አዲስ ማርሚታ አስገብቼላታለሁ። ድምፅዋን ብትሰማ!» አለኝ።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለሁለቱም ነው። ለመጀመሪያው መልስ አለብኝ። ለሁለተኛው ግን ከመልስ የሚበልጥ ዕዳ አለብኝ፤ ምክንያቱም አስቀድሞ ማርሚታ የገዛ ሰው የፍሬን ዘይቱን እንዳልለወጠ ከገዛ ራሴ ታሪክ አውቃለሁ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። እንግሊዞች «ትራክ ዴይ» የሚሉት፥ የመኪና እሽቅድምድም ጎዳና ውድድር በሌለበት ቀን ተከፍቶ፥ መንጃ ፈቃድ ያለው ማንም ሰው ገንዘብ ከፍሎ በገዛ መኪናው የሚነዳበት ቀን ነው። ውድድር አይደለም። ዋንጫ የለም፤ ሰዓት መያዝም ብዙውን ጊዜ የተከለከለ ነው። በኩርባ ውስጥ መቅደም አይፈቀድም፤ በቀጥታው መንገድ ላይም ቢሆን የፊተኛው አይቶ ካልፈቀደ የኋለኛው አያልፍም። ስለዚህ «ስንተኛ ወጣህ?» ብላችሁ የምትጠይቁኝ ወዳጆቼ፥ ጥያቄያችሁ ቤተ ክርስቲያን ቆይቶ የመጣን ሰው «ስንት ለስንት ተለያያችሁ?» እንደ ማለት ነው።

እኔ የሄድሁት ከሎንዶን በስተደቡብ ምሥራቅ፥ በኬንት አውራጃ ወደሚገኘው ወደ ብራንድስ ሃች ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ።) ስፍራው ቀድሞ ሞተር ብስክሌቶች በሣር ላይ የሚሽቀዳደሙበት ጎድጓዳ ሜዳ ነበር፤ አስፋልት የለበሰው በ1950 ነው። ከ1964 እስከ 1986 ድረስም የእንግሊዝ ግራን ፕሪ ከሲልቨርስቶን ጋር እየተፈራረቀ ይደረግበት ነበር፤ በ1964 ያሸነፈው ስኮትላንዳዊው ጂም ክላርክ ነው። በ1971 ደግሞ የስዊስ ተወላጁ ጆ ሲፈርት እዚያው ስፍራ በውድድር ላይ መኪናው ተጋጭታ ተቃጥላ ሞተ። ይህን የማነሣው ለወሬ ማጣፈጫ አይደለም። ያ አስፋልት ስመ ጥሩውን ነጂና የሥነ ጽሑፍ ተማሪውን አይለይም፤ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ኩርባ ነው የሚያቀርበው።

አጭሩ መንገድ ሁለት ኪሎ ሜትር አይሞላም። በካርታ ሲያዩት የሕፃን ጨዋታ ይመስላል። ነገር ግን የመጀመሪያው ኩርባ፥ ፓዶክ ሂል የሚሉት፥ በጉብታ ላይ ስለሆነ መውጫውን ሳታየው ወደ ቀኝ ትታጠፋለህ፤ ከዚያ ምድር ከሥርህ እንደ ተነጠቀ ያህል ቁልቁል ትወርዳለህ። ወዲያው ሽቅብ ወጥተህ ድሩይድስ በተባለው ጠባብ ኩርባ ዞረህ እንደ ገና ትወርዳለህ። ዙሩ ሳያልቅ እስትንፋስህ ያልቃል።

አሁን ወደ ወዳጄ ክስ ልመለስ። በግማሹ ትክክል ነው። ቀኑ ርካሽ አይደለም፤ እኔ የከፈልሁት ክረምቱን ሙሉ በምግብ ቤት ሳህን አጥቤ ባገኘሁት ገንዘብ ነው፥ ያንንም ገንዘብ ወደ አገር ቤት ብልከው ኖሮ ለብዙ ነገር በጠቀመ ነበር። ይህን አልክድም። ነገር ግን ወዳጄ አንድ ነገር ይዘነጋል። የፍጥነትን ፍቅር ከወጣት ደም ውስጥ በስብሰባ ውሳኔ ማስወጣት አይቻልም። ያ ፍቅር አንድ ቦታ ይወጣል፤ ጥያቄው የት ይውጣ ነው። አያቶቻችን በጃንሜዳ ጉግስ ሲጫወቱ ፈረሳቸውን የሚያስጋልቡት በገበያ መካከል አልነበረም፤ ሜዳ ነበረው፥ ወግም ነበረው። እኛ ግን ሰርግ በመጣ ቁጥር የምናደርገውን ሁላችንም እናውቃለን። ሚዜዎቹ ካራቫታቸውን ፈተው፥ ሎንዶንን በሚከበው በኤም 25 አውራ ጎዳና ላይ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ማን ይቀድም እየተባባሉ ይበራሉ። ከሁለት ዓመት በፊት ከእነዚህ መኪናዎች አንዷ የመንገዱን ብረት መታች። የኋላው ወንበር ላይ ተቀምጦ የነበረው፥ ከሁላችንም ይልቅ ዝምተኛው ልጅ፥ ዛሬም የሚሄደው በምርኩዝ ነው። ነጂው ማን እንደ ነበረ አልጽፍም። እኔም በዚያች ሌሊት በሌላይቱ መኪና መሪ ላይ ነበርሁ፥ ከፊትም ነበርሁ፥ ደስም ብሎኝ ነበር።

መኪና ሰውን ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ሌላ ማስረጃ ያስፈልገናል ወይ? አበበ ቢቂላ ሮማን በባዶ እግሩ፥ ቶኪዮን በጫማ አሸንፎ፥ በ1969 መጋቢት ወር በቮልስዋገኑ ላይ በደረሰ አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። ለሕክምና የመጣው ወደዚሁ ወደ እንግሊዝ አገር፥ ስቶክ ማንዴቪል ወደሚባለው ሆስፒታል ነበር፤ በ1970ም እዚያው በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በቀስት ውርወራ ተወዳደረ። አበበ ለፍጥነት ብሎ ወጣ ማለቴ አይደለም። አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር ያልበገራቸውን እግሮች መኪና በአንድ ሌሊት እንደ ወሰዳቸው ብቻ ነው የምናገረው።

ስለዚህ ለወዳጄ መልሴ ይህ ነው። የእሽቅድምድሙ ጎዳና ከፊት የሚመጣ መኪና የሌለበት፥ እግረኛ የማያቋርጠው፥ አምቡላንስ ቆሞ የሚጠብቅበት ስፍራ ነው። ፍጥነት ያማረው ሰው እዚያ ይሂድ። ነገር ግን ተዘጋጅቶ ይሂድ። ሳይዘጋጅ የሚሄደውን ሰው በተመለከተ የወዳጄን ክስ እኔም እፈርምበታለሁ።

እኔ ሳልዘጋጅ ሄድሁ። መኪናዬ አሮጌ ቶዮታ ያሪስ ናት፤ አዲስ አበባ ቪትዝ የምትባለዋ፥ አንድ ሊትር ሞተር ያላት ትንሽ ፍጡር። ለዚያ ቀን ያደረግሁላት ዝግጅት ይህ ነበር፤ ጥቁር ቸርኬ ገዛሁላት፥ አጠብኋት፥ በመስታወትዋም ላይ ባንዲራ ለጠፍሁ። በስድስተኛው ዙር በቀጥታው መንገድ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ እየሄድሁ ወደ ፓዶክ ሂል ስቃረብ ፍሬኑን ረገጥሁ። ፔዳሉ እንደ ቅቤ ሆኖ ወደ ወለሉ ወረደ። እንደ ገና ረገጥሁ፤ ትንሽ ያዘ። ሦስተኛ ስረግጥ ከአስፋልቱ ወጥቼ ጠጠሩ ውስጥ ነበርሁ። መኪናዪቱ እስከ ቸርኬዋ ሰጥማ ቆመች፥ ያ ጥቁር ቸርኬ ማለቴ ነው። እኔ ላይ አንዳች ጭረት አልደረሰም። የመጀመሪያው ሐሳቤ ግን «ይህ ነገር በሰርጉ ሌሊት ቢሆን ኖሮ» የሚል ነበር።

ምን እንደ ሆነ በኋላ ተረዳሁ፤ እኔ የምማረው ሥነ ጽሑፍ ቢሆንም ሒሳቡ ከባድ አይደለም። ፍሬን ፍጥነትን አያጠፋም፤ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። እኔንና መኪናዬን ስትመዝነን 950 ኪሎ ግራም እንሆናለን። ይህን ክብደት ከ130 ኪሎ ሜትር ወደ 60 ለማውረድ ፍሬኑ የሚውጠው ሙቀት፥ ከአንድ ሊትር የሚበልጥ ቀዝቃዛ ውኃ እስኪፈላ ድረስ ለማሞቅ ይበቃል። አንድ ትልቅ ጀበና በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ሲፈላ አስቡ፤ በየዙሩም እንደ ገና ይጣዳል። ከተማ ውስጥ ፍሬን በረገጣችሁ ቁጥር መካከል ማቀዝቀዣ ጊዜ አለ፤ እዚያ የለም። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ደግሞ የሚዋጠው ሙቀት አራት እጥፍ ይሆናል፤ «ትንሽ ብጨምር ምን አለበት» የሚል ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ያ ሙቀት ከሸራው ወደ ዘይቱ ይሻገራል። የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየር እርጥበት የመሳብ ጠባይ አለው። ዶት 4 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሲሆን ከ230 ዲግሪ በታች አይፈላም፤ ውኃ ከጠጣ በኋላ ግን ከ155 ዲግሪ ጀምሮ ሊፈላ ይችላል። ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ እንደ ፈሳሽ ግፊት አያስተላልፍም፥ ራሱ ይጨመቃል። እግርህ የሚረግጠው ፍሬኑን ሳይሆን አረፋን ነው። የእኔ ዘይት ስንት ዓመት እንደ ቆየ እግዚአብሔር ይወቀው፤ መልኩ የቡና አተላ ይመስል ነበር።

ስለዚህ አንተ ባለ ማርሚታው ወዳጄ ሆይ፥ ስማኝ። ገንዘብ ካለህ በመጀመሪያ ዘይቱን ለውጥ። ዶት 4 በቂ ነው፤ 5.1 የተባለውም ይሆናል። 5 ብቻ የተጻፈበት ግን ከሌሎቹ ጋር የማይቀላቀል ሌላ ነገር ነውና ተወው። ከዚያ የፍሬን ሸራህን ውፍረት ተመልከት። ያለቀ ሸራ ሙቀቱን ቶሎ ወደ ዘይቱ ያሳልፋል፤ «ለአንድ ቀን ይበቃል» ያልኸው በጠዋቱ ያልቃል። ዲስኮው ስንጥቅ እንዳለውም እይ።

ማርሚታውን በተመለከተ አንድ ነገር ልንገርህ፤ በየሜዳው በር ላይ የጩኸት መለኪያ የያዘ ሰው ይቆማል። የሜዳው ጎረቤቶች እንቅልፍ የሚወዱ እንግሊዞች ናቸው። ከልክ ካለፍህ ገንዘብህን ከፍለህ ስታበቃ ቀኑን በአጥር ላይ ተደግፈህ ስታይ ትውላለህ። አሮጌው ማርሚታህ ካለ መልሰው።

ጎማ ሁለተኛው ነው። የእንግሊዝ ሕግ 1.6 ሚሊ ሜትር ጥርስ ይበቃል ይላል፤ እኔ ግን በዚያ ልክ አትሂድ እላለሁ፥ በተለይ ይህ አገር ሳይዘንብ ውሎ ስለማያውቅ። ዕድሜውንም እይ፤ በጎማው ጎን ከተጻፉት መጨረሻ አራት ቁጥሮች አሉ፥ 2319 ቢል በ2019 ዓመት በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ ያላለቀ ነገር ግን የደረቀ ጎማ እንደ አሮጌ ዳዊት ነው፤ ሲያዩት ያምራል፥ ሲገልጡት ይሰነጠቃል። ንፋሱን ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ በበሩ ቋሚ ላይ በተጻፈው ልክ አድርግ፤ ሲነዳ ስለሚሞቅ ግፊቱ ይጨምራልና በየመሐሉ ለካው። አስተንፍሰህ ከሆነ ወደ ቤት ከመመለስህ በፊት መልሰህ ንፋ። ይህን የረሳ ሰው አይቻለሁ፤ ማን እንደሆነ አትጠይቀኝ።

የጎማውን ዳዶ ልክ በሚያሳየው ቁልፍ አጥብቅ፤ የእኔዋ 103 ኒውተን ሜትር ነው የሚያስፈልጋት፥ የአንተን ከመኪናህ መጽሐፍ ፈልግ። ከጥቂት ዙር በኋላም እንደ ገና ሞክረው። የሞተር ዘይት ከላይኛው ምልክት አጠገብ ይሁን፤ በኩርባ ላይ ዘይቱ ወደ አንድ ወገን ስለሚሸሽ ጎደሎ ከሆነ ሞተሩ ደረቅ ሊቀር ይችላል። ቤንዚንም እንዲሁ ነው። መጎተቻውን ቀለበት ግጠመው፥ በጠጠር ውስጥ ተቀምጬ ሰዎች ሲፈልጉት እኔ የት እንዳለ አላውቅም ነበር። ከመኪናው ውስጥ የማይታሰረውን ሁሉ አውጣ፤ ስኮርታውን፥ ክሪኩን፥ የወለሉን ምንጣፍ፥ የውኃ ጠርሙሱን። እናቴ ለአክስቴ አድርሳት ያለችኝ ሁለት ኪሎ በርበሬ በኋላ ሣጥኑ ውስጥ ነበረ። በድሩይድስ ኩርባ ላይ ተፈታ። ቀኑን ሙሉ እያነጠስሁ የነዳሁ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ሞተሩን ስለማሻሻል አንድ ቃል አልጽፍም፤ ለመጀመሪያ ቀን የሚያስፈልግ ነገር አይደለም። ከእኔዋ ሦስት እጥፍ ኀይል ያላቸው መኪናዎች በቀጥታው መንገድ አልፈውኝ በኩርባው ላይ ሲደናበሩ አይቻለሁ።

ከዚህ ሁሉ የከበደው ግን ራስን ማዘጋጀት ነው። እኛ ሐበሾች በመንዳት ጉዳይ «አስተምረኝ» ማለት ሞት ይመስለናል። እኔም ከጠጠሩ ተጎትቼ ወጥቼ፥ ያ የቀዘቀዘ ዘይት በአንድ መካኒክ ደግነት ከተለወጠልኝ በኋላ፥ አስተማሪ ልቅጠር ወይስ አፍሬ ልመለስ እያልሁ ቡና ጠጣሁ። በመጨረሻ ለሃያ ደቂቃ ከፈልሁ። የደረሰችኝ ሽበታም ሴት ነበረች፥ የአክስቴ እኩያ። ከጎኔ ተቀምጣ አንድ ዙር ዝም ብላ ካየችኝ በኋላ «እጅህ ደኅና ነው፤ ዓይንህ ግን ኮፈኑ ላይ ተተክሏል። መኪና የምትሄደው ዓይን ወደሚያይበት ነው» አለችኝ። ከዚያ በኋላ በየኩርባው ሳልደርስ መውጫውን እንድፈልግ አስገደደችኝ። ወንበሬንም አስጠጋችው፤ ትከሻዬ ከመደገፊያው ሳይላቀቅ የእጄ አንጓ በመሪው አናት ላይ እንዲያርፍ። ፍሬን የሚረገጠው መሪው ቀጥ ብሎ ሳለ ነው፤ ከዚያ ፍሬኑን ቀስ ብሎ መልቀቅ፥ ከዚያ መታጠፍ፤ ቤንዚን የሚሰጠው መውጫው ሲታይ ነው አለች። በኩርባ መካከል ደንግጦ እግርን ከቤንዚን ላይ ድንገት ማንሣት ክብደቱን ወደ ፊት ስለሚጥለው የኋላውን ጎማ ያቀልለዋል፥ መኪናዪቱም ትሽከረከራለች። ሃያ ደቂቃው ሲያልቅ ከጠዋቱ ይልቅ ፈጥኜ እሄድ ነበር፥ ልቤ ግን ከጠዋቱ ይልቅ ቀስ ብሎ ይመታ ነበር። ከጥቁሩ ቸርኬ ዋጋ ያነሰ ገንዘብ ነበር የከፈልኋት።

በዋዜማው ተኛ። ጠዋት ብላ፥ ውኃ ይዘህ ሂድ። እጅጌው ረዥም ልብስ ልበስ፤ ራስ ቁር እዚያው የሚያከራዩ አሉ። ጠዋት የሚሰጠውን ማስጠንቀቂያ እንደ ስብሰባችን የመክፈቻ ንግግር አትስማው፤ ከልብህ ስማው። ቢጫ ባንዲራ አደጋ አለ፥ ቀንስ፥ አትቅደም ማለት ነው፤ ቀይ ሁሉም ቀስ ብሎ ይመለስ ነው፤ ሰማያዊ ከኋላህ የሚፈጥን መጥቷል ነው፤ ጥቁር ለአንተ ከታየ አንተው ወጥተህ ቅረብ ማለት ነው። ሰማያዊው ሲታይህ አትናደድ። የሚያልፍህ ሰው የአባትህን ርስት አልወሰደም። የመጀመሪያውን ዙር ሁልጊዜ ለማሞቂያ፥ የመጨረሻውን ለማቀዝቀዣ አድርገው፤ ስትቆምም የእጅ ፍሬን አትያዝ፥ የጋለ ሸራ በጋለ ብረት ላይ ተጣብቆ እንዳይቀር በማርሽ አቁማት። ሲደክምህ ውጣ። «አንድ ዙር ብቻ» የሚባለው ዙር ነው ብዙ ሰው የሚጎዳው። ኢንሹራንስህም በዚያ ሜዳ ላይ እንደማይሠራ ቁጠር፤ አብዛኛው ውል እንዲህ ያለውን ቀን አይሸፍንምና። መኪናህን ብታጣ እንዴት አድርገህ ወደ ትምህርት ቤት እንደምትመላለስ አስቀድመህ አስብ። ማሰቡ ካስፈራህ አትሂድ፤ ነውር የለበትም።

ወደ ቤት የሚያስመልሰው መንገድም የዝግጅቱ ክፍል ነው። ከሜዳው ወጥተህ አውራ ጎዳናው ላይ ስትገባ 110 ኪሎ ሜትር የቆምህ ያህል ይመስልሃል። ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብለህ ሻይ ጠጣና ተነሣ። እኔ ያን ምሽት ከቀኝ መስመር ወጥቼ ከጭነት መኪናዎች ጋር ስሄድ፥ ከኋላዬ የመጣ አንድ ወጣት መብራቱን እያበራና እያጠፋ አልፎኝ በረረ። ከዓመት በፊት ቢሆን እከተለው ነበር። ያን ጊዜ ግን ያሰብሁት «የፍሬን ዘይቱን ለውጦ ይሆን?» ብዬ ብቻ ነው።

ባለ ማርሚታው ወዳጄ ሆይ፥ ቀንህ ሳይደርስ ገና ሦስት ቅዳሜ አለ። በሚመጣው ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት መኪናህን ይዘህ ወደ ቤቴ ና። ሁለት የታሸገ ዶት 4 ግዛ፤ ክሪክና ማስደገፊያ ብረት እኔ አለኝ። ዘይት መለወጥ የሁለት ሰው ሥራ ነው፤ አንዱ ፔዳሉን ረግጦ ይይዛል፥ ሌላው ከጎማው ሥር ማስተንፈሻውን ቡሎን ከፍቶ አሮጌው ሲወርድ መልሶ ይዘጋል፥ «ልቀቅ» ሳይባል እግር አይነሣም። አንተ ረግጠህ ያዝ፥ እኔ ከሥር እተኛለሁ። አሮጌው ዘይት የሚወርድበትን ጠርሙስ ደግሞ የሚይዝልን ሦስተኛ ሰው ቢገኝ መልካም ነበር፤ ያ የድኻ አገር ልጅ ነኝ ያለው ወዳጃችን ቅዳሜ ሥራ ከሌለው ይምጣ፥ ቡና አፈላለሁ።